ሶንሂ እና የሸፈነችው ግንብ

የሥዕል መምህርቷን ኦክ ሶንሂን ያወቅኳት ከሾርባ ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ግንብ ስትቀባ ነው። የወደባችን ትምህርት ቤት ኮረብታ ላይ ስለሆነ ከሥሩ ረጅም የድጋፍ ግንብ አለው። ወደ መርከብ ፋብሪካው የሚወርድ ሁሉ በዚያ ያልፋል። በየጸደዩ ተማሪዎቿን ይዛ ትወርድና ግንቡን አብረው ይቀቡታል። የሚሳለው ግን ሁሌም ያው ነው፤ የሚስቁ ዓሣ ነባሪዎችና የሱፍ አበባ። ንድፉ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይሰጣታል፤ እሷ ታሰምራለች፣ ልጆቹ ውስጡን ይሞላሉ።

ዋና ከተማው ሴኡል ሥዕል ተምራ እዚያው ልትቀር ነበር። አባቷ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሲሆን "ለትንሽ ጊዜ" ብላ መጣች። ሌላ ልጅ የላቸውም። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ቀጠራት፤ ትንሹ ጊዜ ዓመታት ሆነ። በምሳ ሰዓት እየሮጠች ቤት ትገባለች፤ አባቷን አገላብጣ፣ የሩዝ ገንፎ አጉርሳ ትመለሳለች። አንድ ቀን ሾርባዋን እየጠጣች፣ "እትዬ፣ ባሕሩን እንኳ ካየሁት ቆየሁ" አለችኝ። ባሕሩ ከበሬ ላይ ይታያል።

ፋብሪካው በተዘጋ ዓመትም እንደ ልማዳቸው ወረዱ። ዳሶም የምትባል ተማሪ ብሩሿን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አባቷ በያጅ ነበር፤ ሥራው ከቆመ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሰፈሩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

"ምን ሆነሻል? ቀለሙ እኮ ይደርቃል" አለቻት ሶንሂ።

"ቲቸር፣ እዚህ ሰፈር የሚስቅ ዓሣ ነባሪ አይተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እኔም። የሚስቅ ሰውም የለም።"

ልጆቹ ሳቁ። ሶንሂ አልሳቀችም። ንድፉን ጠቅልላ አስቀመጠችና፣ "እሺ፣ ያያችሁትን ሳሉ" አለቻቸው።

ያን ሰሞን እንደሠራችው ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ፊት መሳል የሚችል ፊት ይስላል፤ እጅ መሳል ያቃተው ለሚችል ጓደኛው ይለቃል። የተዘጉ ሱቆችን ሳሉ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ እናቶችን ሳሉ፤ እኔንም ከነጭልፋዬ ሳሉኝ።

"አፍንጫዬን ማነው እንዲህ ያሳበጠው?" አልኳቸው።

"እኛ ምንም አልጨመርንም፣ እትዬ" አለኝ አንዱ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ዳሶም አባቷን ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ የሥራ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳለችው። ሰውየው መጥቶ ግንቡ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ገብቶ ሾርባ አዘዘ፤ ወንበሩን ወደ ግንቡ አዙሮ በላ። "የጫማዬን ቀዳዳ እንኳ አልረሳችም" ብሎኝ ሄደ።

ርዕሰ መምህሩ ሶክ ክፉ ሰው አይደሉም። ግንቡ ሥር ቆመው ሲያናግሯት ሰምቻለሁ።

"መምህርት ሶንሂ፣ እኔም ልቤ ተነክቷል። ግን ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ። የከተማችን ሰው ተስፋ ቆርጧል እንዲሉን ነው? ነጭ ያድርጉትና ዓሣ ነባሪዎቹን ይመልሱ። ኮንትራትዎ የሚታደስበት ጊዜም፣ እንደሚያውቁት፣ ደርሷል።"

በማግስቱ ጠዋት እኔ ጋ መጣች። ሾርባውን አልነካችውም። "'አልሸፍነውም' ነው የምላቸው። ሌላ ምንም አልጨምርም" አለችኝ። ቃሉን ደጋግማ ለራሷ አለችውና ወደ ርዕሰ መምህሩ ወጣች። ስትመለስ በሁለት እጇ ነጭ ቀለም አንጠልጥላ ነበር።

"አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እትዬ" አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። "አባባ ታወሱኝ።"

ብቻዋን ልትቀባው የቀለም ሮለሩን ስታነክር ልጆቹ ከላይ ከትምህርት ቤቱ አይተዋት ወረዱ።

"ለምን እምቢ አላሉም?" አላት አንዱ።

"ስላልቻልኩ" አለች። ሌላ ምክንያት አልፈለገችም።

ዳሶም ሮለሩን ከእጇ ወሰደች። "አባቴን የሳልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይሸፍነውም" አለች። ከጫማው ጀመረች። ፊቱ ላይ ስትደርስ ሶንሂ ጀርባዋን ሰጠች። ሌሎቹም እየመጡ የየራሳቸውን ሸፈኑ፤ ተረዳድተው እንደሳሉት ተረዳድተው አጠፉት። እኔ በሬን ዘጋሁ፤ የራሴን መጥፋት ማየት አልፈለግሁም።

እንግዶቹ መጡ፤ ከዓሣ ነባሪዎቹ ጋር ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። የዳሶም ቤተሰብ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ወደብ ተዛወረ። በተከታዩ ክረምት የሶንሂ አባት አረፉ። ከቀብር በኋላ ሁላችንም አሁን ትሄዳለች ብለን ጠበቅን። እሷም ሻንጣ ገዛች፤ የሴኡል ጓደኛዋ ክፍል አግኝታላት ነበር። ጸደይ ሲገባ ግን ተማሪዎቿን አስከትላ፣ ያንኑ ንድፍ ይዛ ወረደች።

ሾርባ ስቀዳላት፣ "አሁን ደግሞ ማን ያዘሽ?" አልኳት።

"እሱን ነው የማላውቀው፣ እትዬ" አለችኝ። ከዚያ አንድ አዲስ ልጅ ቀለሙን ከመስመር ውጪ እንዳፈሰሰ አይታ፣ ሾርባዋን ትታ ልታስተካክልለት ወጣች።