ባሮ ሲጎድል የተዘራ በቆሎ

አባቴ በሬ የሌለውን ሰው ገበሬ ብሎ የማይጠራ ወሎዬ ነበር። በድርቁ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ባሮ ወንዝ ዳር ሲያሰፍሩን የታደልናቸውን በሬዎች ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ጨረሳቸው። እሱም ከዚያ ወዲህ ራሱን በምን ስም እንደሚጠራ አላውቅም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ጋምቤላ ክልል ሆነች ተባለ፤ የሰፈራው እህል እደላም በዚያው ቀረ። ነገ ምን እንደምንሆን የሚነግረን አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ጓዛቸውን እየጠቀለሉ ወደ ወሎ መመለስ ጀመሩ። አባቴም እንሂድ አለ።

እናቴ አሻፈረኝ አለች። ወባ የወሰደው ታናሽ ወንድሜ ደጃችን ካለው ሾላ ሥር ተቀብሯል። «ልጄን ለማን ጥዬ?» አለችው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ታዝዬ የወጣሁበት ወሎ አይናፍቀኝም ነበር። እደላው ሲቀር የሚመጣውን ርሃብ ግን እፈራ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ዘርተን እንሞክር፣ ካልሆነ እንሄዳለን ተባባሉ።

ሰኔ ሲገባ አባቴ የወንዙን ዳር ጥቁር አፈር ቆፍሮ በቆሎ ዘራበት። በአገሩ ሰኔ ገብቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰነፍ ብቻ ነው። ጎረቤታችን የነበረች አኝዋክ ሴት ቆማ አየችውና «አባባ፣ እዚህ የወንዝ ቤት ነው። ወንዝ ይመጣል» አለችው። ሳቀ። በነሐሴ ባሮ ሞልቶ ማሳውን ከነቡቃያው ጠረገው። አባቴ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ ሰው እየነገረው!

ጥቅምት አልፎ ውሃው ሲሸሽ ሴትዮዋ በራችን ድረስ መጣች። «እናት፣ አሁን ነው። ነይ» አለች። እናቴ ደብቃ ያስቀረችውን ዘር ይዛ ወረደች፤ እኔም ተከተልኩ። ማረሻ የለ፣ ጉልጓሎ የለ። ጭቃውን በሹል እንጨት ወጋ፣ ፍሬ ጠብ፣ በተረከዝ ደፈን። ሁለቱ ሴቶች ውሃው በሸሸ ቁጥር እየተከተሉት ዘሩ። ዝናብ ጠብ ሳይል፣ ወንዙ ትቶት በሄደው እርጥበት ብቻ በቆሎው ከእኔ ቁመት በለጠ። እናቴ በየጠዋቱ እየወረደች ቅጠሉን ትዳብሰው ነበር። አባቴ ግን አንድም ቀን አልወረደም።

እሸቱ ሊደርስ ሲል የመጨረሻዎቹ ጎረቤቶች ለመሄድ ተነሡ። አንደኛው ደጃችን ቆሞ «በል እንጂ ወንድሜ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» አለው። እናቴ ውሃ የያዘ ቅል በእጇ እንዳለ ከውስጥ ቆማ ታዳምጣለች።

አባቴ ወደ ወንዙ ተመለከተ።

«እናንተ በሰላም ግቡ» አለ። «እኔ ልውረድ፤ ዝንጀሮ በቆሎውን ሳይጨርሰው።»

እናቴ ቅሉን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።