የጴጥሮስ የዓመት ቆርቆሮዎች

አስተማሪ ነኝ፤ ከክፍል ስወጣ ወሬ ይርበኛል። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የጴጥሮስ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንዲት አግዳሚ አለች፤ ወሬዬን የምጠጣው እዚያ ነው። ጴጥሮስ ታፔላ ጻፊ ነው። ድሮ እሱ ያወራል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ፊት ለፊቱ የባነር ማተሚያ ቤት ተከፍቶ ሥራውን ከወሰደበት ወዲህ ግን እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይተነፍሳል።

ሥራው ሙሉ በሙሉ ያልሞተው በመሥሪያ ቤቶች ምክንያት ነው። ጉዳይ ሊያስፈጽም የሄደ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ በር ላይ «ራዕያችን» የሚሉ ታፔላዎች አሉ። «በ2012 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ተቋም ሆኖ ማየት» ይላሉ። ከዲላ እስከ ገደብ ግማሹን የጻፈው ጴጥሮስ ነው። ታዲያ የተባለው ዓመት ሲደርስ ይደውሉለታል።

«ጽሑፉ ደህና ነው፤ ዓመቷን ብቻ አስተካክልልን።»

መጀመሪያ ሰሞን አሮጌውን ዓመት በቀለም ሸፍኖ በላዩ ይጽፍ ነበር። ዝናብ ሲያጥበው አሮጌው ከሥር ብቅ እያለ አስቸገረ። ስለዚህ መላ አመጣ፦ ዓመቱን በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ለብቻው ጽፎ በሁለት ቪቴ ያስረዋል። ጊዜው ሲያልፍ ይፈታል፣ ሌላ ያስራል፤ አለቀ። የተፈቱትን አይጥላቸውም፤ በባዶ የቀለም ጣሳ ያጠራቅማቸዋል። 2007፣ 2012፣ 2017።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ያልመጡ ዓመታት።»

«መጥተው አልፈዋል እኮ!»

«ዓመቶቹማ መጥተዋል» አለ ብሩሹን እየጨመቀ።

ጣሳውን ያየችው ኤልቤቴል ናት። ከአዲስ አበባ መጥታ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምታስተምር፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት ናት። ታፔላ ልታጽፍ መጥታ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለካ ሃያ ምናምን ዓመት የሠሩት እኔ የማስተምረውን ነው!»

«ታፔላ ነው የምታስተምሪው?»

«መጪውን ዘመን!»

ጴጥሮስ እስኪያስለው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለሠዓሊዎችና ለሥዕል ተማሪዎች ስድስት ቅዳሜ የሚቆይ ሥልጠና አዘጋጅታ ነበር፤ የመጪው ጊዜ ጥናት ትለዋለች። በመጨረሻው ቅዳሜ እያንዳንዱ ሰው የሠራው ሥዕል ይታያል። «ይምጡ» አለችው። «ደክሞኛል ልጄ» አለ። እኔ ነኝ ጎትቼ የወሰድኩት፤ የማላውቀው ወሬ ሊያመልጠኝ ነው እንዴ?

«ነቢይ አይደለንም» አለች ኤልቤቴል በመጀመሪያው ቀን። «ከፊታችን ያለው አንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ የሚመጣ አለ፤ የምንፈራው አለ፤ የምንመኘውም አለ። ምልክቱ ዛሬ መሬት ላይ አለ። ፈልጉትና ሣሉት።»

ተማሪዎቹ ወዲያው ተንጫጩ። አንዱ ይርጋጨፌን የሚያቋርጥ ባቡር ሣለ። አንዷ ቡና የሚለቅም ድሮን ሣለች። ጴጥሮስ ሊሥልበት ያመጣውን ጣውላ ነጭ ቀብቶ ተቀመጠ። ሁለተኛው ቅዳሜም ነጭ፣ ሦስተኛውም ነጭ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እጄ የሰው ራዕይ ለምዷል። የራስህን ሲሉት ይደርቃል።»

በአራተኛው ቅዳሜ ኤልቤቴል የቤት ሥራ ሰጠች፦ የተወለዳችሁበት ቦታ ሂዱና ምልክት ፈልጉ። ጴጥሮስ ፊቱ ጠቆረ። ትውልዱ ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኮንጋ ነው።

«ቅርብ ነው እኮ፣ ምን ያስፈራሃል?»

«እህቴ አለች።»

«እና?»

«እናማ አብረኸኝ ሂድ። እንግዳ ፊት ብዙ አትቆጣም።»

እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ሞተር። እህቱ አትጠገብ በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የአባታቸው ግቢ ውስጥ ብቻዋን ናት። በር ላይ ቆማ አየችን። እኔን «ይግቡ መምህር፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ወደ እሱ ዞረች።

«መጣህ? ወይስ መንገድ ጠፋህ?»

«መጣሁ።»

«ና፣ ላሳይህ።»

ከቤቱ ጀርባ ያለው የእንሰት ተክል በዕድሜ በዕድሜው ተሰልፏል። አትጠገብ ከትልቁ ጀመረች። «ይሄን ዘንድሮ እፍቀዋለሁ። ይሄ የከርሞ ቆጮ ነው። ይሄኛው ሁለት ዓመት ይቀረዋል።» ከዚያ ተክሉ አለቀ። ቀጥሎ ያለው ባዶ መሬት ነው፤ አረሙ ተነቅሎ፣ አፈሩ ለስልሶ፣ ምንም ያልተተከለበት።

«ይሄስ?» አልኩ እኔ ወሬኛው።

«ይሄ የሱ ነው» አለች።

እዚያ ቤት እንሰት መትከል የወንድ ሥራ ነው፣ መፋቅ የሴት። ጴጥሮስ በየዓመቱ «ከቡና ለቀማ በኋላ መጥቼ እተክላለሁ» ይላታል። ለቀማው ያልቃል፣ እሱ አይመጣም። አትጠገብ በየዓመቱ መሬቱን አርማ ትጠብቀዋለች። እንዲህ አራት ዓመት ሆነ።

«ለምን ጎረቤት አላስተከሉም?»

«መምህር፣ ጎረቤት ከተከለልኝማ ወንድሜ ሞቷል ማለት ነው። ልቅሶ ሳልቀመጥ?» ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «ስማ ጴጥሮስ። ከሦስት ዓመት በኋላ የምፍቀው የለኝም። መሬቱን ለባሕር ዛፍ የሚፈልጉት ሰዎች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ዝናቡ እስኪገባ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ለነሱ ሰጥቼ ሐዋሳ ልጄ ጋ እገባለሁ። ይሄ ግቢም በዚሁ ይዘጋል።»

ጴጥሮስ ከለስላሳው አፈር ዘግኖ አየው። ተሰናብተናት ወደ ዲላ ተመለስን። መናኸሪያው ውስጥ ስንወርድ፣ «ጽሑፉ ደህና ነው፣ ዓመቷን ብቻ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

በስድስተኛው ቅዳሜ ጣውላውን ተሸክሞ መጣ። ሥዕሉ የእህቱ ጓሮ ነው። ትልቅ እንሰት፣ መካከለኛ እንሰት፣ ትንሽ እንሰት፣ ከዚያ ቡናማ ባዶ አፈር። ከሥሩ ሁለት የቪቴ ቀዳዳ አለ፤ ቆርቆሮ ግን የለበትም። ኤልቤቴል ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው።

«ጋሼ፣ የትኛው ነው ይሄ? የምንፈራው ነው?»

«እንዲሁ ከቀጠለ የሚመጣው።»

«ዓመቱስ?»

«እንሰት የሚቆጠረው ከተተከለበት ቀን ነው። አልተተከለማ።»

እዚያው እንደቆምን የጴጥሮስ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ልዑልሰገድ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። «ማክሰኞ እንግዳ ይመጣል፤ በራችን ላይ ግን እስካሁን 2017 ተለጥፏል፤ ሰኞ መጥተህ ቀይርልን።» ጴጥሮስ በመስኮት ወደ ይርጋጨፌ አቅጣጫ አየ። ሰማዩ ጠቁሯል። ደጋግሞ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ» አለና ዘጋው።

«ሰኞ ልትሄድ ነው?» አልኩት።

ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። ለመሥሪያ ቤቶች ቀድሞ ያዘጋጀውን፣ 2022 የተጻፈበትን ቆርቆሮ ጨምሮ እጄ ላይ አኖረው።

«ሁለት ቪቴ ነው መምህር። የተማረ ሰው አያቅተውም።»

ሰኞ እሱ ኮንጋ ወረደ። እኔ በእረፍት ሰዓቴ ወንበር ላይ ቆሜ የዚያን መሥሪያ ቤት ራዕይ አምስት ዓመት ወደፊት ገፋሁት። ትንሽ ተጣሞብኛል። ማንም ልብ አላለም።

ሐሙስ ስመጣ ሱቁ ተከፍቷል። ጴጥሮስ ወገቡን ይዞ ቆሟል፤ ጥፍሮቹ ሥር አፈር አለ።

«ስንት ተከልክ?»

«ሃምሳ ሦስት። ችግኙን ከጎረቤት ገዛን። ስንጨርስ ዘነበ።»

«እህትህ ምን አለች?»

«‹መስመሩ ጠማማ ነው› አለች።»

«ሌላስ?»

«ምሳ ሰጠችኝ። የባሕር ዛፎቹን ሰዎች ‹ሌላ ቦታ ፈልጉ› አለቻቸው።»

እኔ ደስ አለኝ፤ እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ስድስት ዓመት ይፈልጋል፣ ሰባትም ሊሆን ይችላል። መሃል ላይ ነቅሎ ማዛወር አለ፤ ከርሞም መሄዴ ነው። ያለፈውን አራት ዓመት ደግሞ ተክዬ አልሞላውም። ያለው አልቆ ይሄ እስኪደርስ ቆጮ ከገበያ እየገዛች ትበላለች፤ እኔን እየረገመች።»

«ታዲያ ጣውላውን ከዩኒቨርሲቲው ላምጣልህ? አሁን ዓመት ልትጽፍበት ትችላለህ።»

«ተወው። መጀመሪያ ይጽደቅ።»

ከአግዳሚዋ ላይ በእጁ አስነሣኝ። ጫማውን አወለቀና ጋደም አለ። ፊት ለፊት የባነር ማሽኑ ይንጫረራል። ወሬ ልጀምር አፌን ስከፍት፣ አይኑን ሳይገልጥ፦

«መምህር፣ ዛሬ አንተም ዝም በል» አለኝ።