የታሰረው እግር ጣቶች

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነበር። ባለቤቴ ስጦታው ከገብሱ ክምር አናት ላይ ሆኖ ነዶ ወደ አውድማው እየወረወረልን ሳለ ክምሩ ከሥሩ ተንሸራተተና ይዞት ወረደ። ቀኝ እግሩ ያረፈው በአውድማው ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ነው። ሮጬ ስደርስ ቁጭ ብሎ እግሩን ያያል። ከጉልበቱ በታች፣ መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ቆዳው አልተቀደደም፤ ደምም አልፈሰሰም።

"ደብሬ፣ ቅልጥሜ ሄደ" አለኝ። ደብሬ እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው አጥንቱ የተሰበረ ሰው ቤታቸው ተኝቶ ለሚያስታምሙ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩትም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ አዝዬ፣ ግማሹን እያንቀላፋሁ ነው። ነገር ግን አንድ የተሰበረ እግር ከተሰበረበት ጊዜ ጀምሮ እስኪራመድ ድረስ ከአጠገቡ አልተለየሁም፤ ያየሁትን ያህል ልንገራችሁ።

የምንኖረው እስቴ ነው፣ ከመካነ ኢየሱስ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ። በእኛ አካባቢ አጥንት ሲሰበር የሚጠራው ወጌሻ ነው። የእኛ ወጌሻ አያ ጫኔ ይባላሉ፤ ቤታቸው ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እጃቸው የተመሰገነ ነው። እኔንም ልጅ ሳለሁ የወለቀ ትከሻዬን መልሰውልኛል፤ ማልቀስ ሳልጀምር ነበር የጨረሱት። ስለዚህ ሌላ ሰው ማሰብ አላስፈለገንም። በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ በበቅሎ ደረሱ። እግሩን በቅቤ አሹት፣ የተሰበረውን አጥንት በጣታቸው ፈልገው አገኙት፣ ጎትተውም አቀኑት። ስጦታው የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ቻለው። ከዚያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ዙሪያውን ደርድረው ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ድረስ በቆዳ ጠፍር ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

ሲጨርሱ "እኔ ራሴ መጥቼ እስክፈታው ማንም እንዳይነካው። ሌላ እጅ ከነካው አይገጥምም" አሉን።

ይህ የአያ ጫኔ ሕግ ብቻ አይደለም። በአገራችን ወጌሻ ያሰረውን የሚፈታው ያሰረው ወጌሻ ነው። ምክንያትም አለው፤ ትዕግሥት ያጣ በሽተኛ ሁሉ በፈለገው ጊዜ እየፈታ አጥንቱን አጣሞ እንዳያስቀር ነው። ደግ ሕግ ነው። ችግሩ የተሰበረ እግር እንደሚያብጥ፣ ጠፍር ግን አብሮ እንደማይሰፋ ያሰበበት አለመኖሩ ነው።

በማግሥቱ ሕመሙ ባሰበት። ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤት ሁሉ "እግዜር ይማርህ" ይልና፣ "መጠዝጠዙ ደግ ነው፣ እየገጠመ ነው" ብሎ ያጽናናዋል። እኔም አምኜ "ቻለው" እለው ነበር። ስጦታው በባሕርይው ቀልደኛ ነው፤ "ይሄስ አጥንት ሳይሆን ሠርገኛ ነው፣ ሲገጥም አገር ያናውጣል" ብሎ ጎረቤቱን አሳቀ። ቀልዱ ግን ከቀትር አላለፈም።

ጣቶቹ አበጡ። ከዚያ ቀዘቀዙ። ከዚያ ጠቆሩ። አውራ ጣቱን ቆነጠጥኩት። ምን አደረግሽኝ አላለም። አልተሰማውም።

ወደ አያ ጫኔ ሰው ላክን። ዘመድ ሞቶባቸው ወገዳ ለቅሶ ሄደዋል፣ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም የሚል መልስ መጣ። እግር የሌለው ገበሬ አያርስም። ማረሱስ ይቅር፤ ያ መቀመጥ የማይችል፣ ቤት ሲውል የሚታመም ሰው እግሩን ቢያጣ ምን ሆኖ ይኖራል?

ማሰሪያውን እፈታለሁ አልኩ። አማቴ እማ የሺ ከመደቡ ተነሥተው በመካከላችን ቆሙ።

"የወንድሜ ክንድ ቆልመም ብሎ የቀረው ሰው ፈቶበት ነው" አሉኝ። "ልጄን ሽባ ልታደርጊው ነው?"

"እማ፣ ጣቶቹን ይዩልኝ።"

"አይቻቸዋለሁ! አያ ጫኔ እስኪመጡ ይችላታል። አንቺ ከሳቸው ልትበልጪ ነው?"

ክፉ ሴት አልነበሩም። እሳቸውም እንደ እኔ ለዚያች እግር ፈርተው ነው። ወደ ስጦታው ዞርኩ። ምን ላድርግ አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቢላዋ አነሣሁ። የመጀመሪያውን ጠፍር በጠስኩት። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ሥጋው ውስጥ ገብቶ ጫፉ አልገኝ አለኝ። እማ የሺ ያለቅሳሉ። አገኘሁት፤ በጠስኩት። ቀርከሃው ተራገፈ። ስጦታው ጮኸ።

ያን ጩኸት ስሰማ ደስ አለኝ። የሞተ እግር አያስጮህም ብዬ ነው።

አያ ጫኔ ያቀኑት አጥንት እንዳይላወስ ቀርከሃውን መልሼ ግራና ቀኝ አኖርኩና በነጠላ ለቀቅ አድርጌ ጠቀለልኩት። ሊነጋ ሲል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰው ጠራልን፤ ቃሬዛ ተሠራ። በእኛ አገር ቃሬዛ በመንገድ ያገኘ ወንድ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻ ይሰጣል፤ መንገዱን ሙሉ ሰው ሲቀያየርልን ዋለ። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ፀሐይ እንዳይመታው ስጦታውን በጋቢ እስከ ራሱ ሸፍነነው ስለነበር የመካነ ኢየሱስ መግቢያ ላይ ስንደርስ ገበያተኞቹ ሴቶች ሬሳ መስሏቸው ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሱለት ጀመር። ስጦታው ጋቢውን ገፎ "አለሁ! ኧረ በማርያም፣ አለሁ!" ብሎ ብድግ ሲል አልቃሾቹ በርግገው ተበታተኑ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሰው እልል አሉለት። ከተሰበረ በኋላ የሳቅኩት የዚያን ጊዜ ነው፤ እየሳቅኩም አለቀስኩ። በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያክመው ድሬሰር የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋውና ሳንውል ሳናድር ደብረ ታቦር እንድንደርስ አዘዘን። አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመን ወሰድነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ነው፣ ንግግር አያበዛም። ነጠላውን ፈታ፣ የጠፍሩን ሰንበር አየ፣ ከዚያ ከጣቶቹ ከፍ ብሎ በእግሩ የላይኛው ገጽ ላይ ሁለት ጣቱን አሳርፎ ብዙ ቆየ።

"የደም ምቱ ደካማ ነው። ግን አለ" አለ። ቀጥሎም "ማነው የፈታው?" ብሎ ጠየቀ።

ሊቆጣኝ ነው ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እኔ ነኝ" አልኩት።

"ባትፈቺው ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መቁረጥ ነበር። አሁንም ገና አልዳነም። ሥጋ ደም ካጣ ይሞታል፤ ጋንግሪን ይባላል። እሱ ከጀመረ ከጉልበቱ በታች እንቆርጣለን።"

ከዚያ ሥራ ሰጠኝ። የአውራ ጣቱን ጥፍር በጣቱ ጫን አድርጎ አሳየኝ። "ስትጫኚው ይነጣል። ስትለቂው ቶሎ ከቀላ ደም እየደረሰው ነው። ሳይቀላ ከቆየ ጥሪኝ።"

ከአልጋው እግርጌ ተቀመጥኩ። ተጫንኩ። ለቀቅኩ። አልቀላም። ነርሷን ጠራኋት፤ እግሩን አስተካክላ አስቀመጠችውና "ጠብቂ" አለችኝ። ተጫንኩ። ለቀቅኩ። በልቤ ጸሎት ጀምሬ መጨረሻው ይጠፋኛል። ስጦታው ያንቀላፋል፣ ይነቃል፣ ያየኛል። እንደገና ተጫንኩ። ጥፍሩ ነጣ። ከዚያ ከሥሩ ቀስ እያለ ቀላ።

ዓይኔን አላመንኩም። ደግሜ ተጫንኩት፤ ደግሞ ቀላ። ሐኪሙ መጥቶ "አውራ ጣትህን አንቀሳቅስ" አለው። ጣቲቱ ነቅነቅ አለች። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ እኔም ጣቲቱን በእጄ ያዝኳት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ቲቢያና ፊቡላ የሚባሉት፣ ከጉልበት በታች ያሉት ሁለቱም አጥንቶች መሰበራቸውን አሳየን፤ ደግሞም አጥንቱን ያቀናው ሰው እጁ እንደሚችል፣ የከፋው አስተሳሰሩ ብቻ እንደሆነ ነገረን። እብጠቱ እስኪጎድል ጀሶ አይደረግም ስለተባለ ጥቂት ቆየን፤ ሲጎድልም ከጭኑ እስከ ጣቱ ሥር በጀሶ ታሽጎ፣ ጣቶቹ ብቻ ብቅ ብለው፣ በሁለት ክራንች ወደ አገራችን ተመለስን። ገብሳችንን ጎረቤቶች ወቅተው ጎተራ አስገብተውልን ደረስን። የሚጠይቀው ሰው ሁሉ ጀሶውን በጣቱ አንኳኩቶ ያያል፤ ስጦታውም በተንኳኳ ቁጥር "ግቡ!" ይላል። እማ የሺ በየማለዳው አብሽ በጥብጠው ያጠጡታል፤ ከእኔ ጋር ግን ከሰላምታ በቀር አይነጋገሩም ነበር። እኔና እሱ ደግሞ የምንጣላው በእንዝርቴ ነው፤ ሲበላው ጀሶው ውስጥ ሰዶ ሊያክበት እየሰረቀ፣ ሐኪሙ ቆዳህ ይቆስላል ብሎ ስለከለከለው እኔ እየነጠቅኩ።

አንድ ቀን አያ ጫኔ መጡ። ከወገዳ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው "እጄን አዋረዱት" ብለው እንደነበር ሰምተናል፤ ስለዚህ ስንቀበላቸው ሁላችንም ጭንቅ ብሎናል። እኔ ከመናገር ማሳየት ይሻላል ብዬ የራጁን ፊልም አውጥቼ ሰጠኋቸው። በራፉ ላይ ቆመው ወደ ሰማይ አቀኑት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣታቸው የዳሰሱትን አጥንት ያን ቀን በዓይናቸው አዩት።

"ይችን ነበር የያዝኋት" አሉ፣ ስብራቱን በጥፍራቸው እየነኩ። "ደህና አቅንቻታለሁ።"

"ሐኪሙም ይህንኑ ብሏል" አልኳቸው። "አጥንቱስ ደህና ነበር። ጣቶቹ ነው የጠቆሩት። ደም ጠፋባቸው።"

እማ የሺ ከመደቡ ሆነው ያዩናል። ከዚያ አያ ጫኔ "ሐኪሙ በምን አወቀ?" ብለው ጠየቁኝ። የስጦታውን ጥፍር ተጭኜ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ራሳቸው ሞከሩት፤ ቀጥለው የገዛ እግራቸውን አውጥተው እሱንም ሞከሩት። ከዚያ ወዲህ የሚያስሩትን ሁሉ ጣቱን እንዲያዩለት ለቤተሰቡ ይነግራሉ፣ ከጠቆረም ሳይጠብቋቸው እንዲፈቱ ያዛሉ። እማ የሺም የዚያን ዕለት አብሹን ለስጦታው ሲቀዱ ለእኔም አንድ ዋንጫ ሰጡኝ።

ጀሶው ሲወጣ እግሩ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ቁርጭምጭሚቱም ደርቆ አገኘነው። ስጦታው አይቶት ደነገጠ። ሐኪሙ ግን አጥንቱ መግጠሙን፣ የቀረው ማንቀሳቀስ መሆኑን ነገረን፤ ቀስ እያለ በመጀመሪያ በሁለት ክራንች፣ ቀጥሎ በአንድ፣ በኋላም በተራ ዱላ እየተራመደ፣ አያ ጫኔም ቁርጭምጭሚቱን ለብ ባለ ቅቤ እያሹለት፣ ክረምቱ ሲገባ ከማሳው ዳር ቆሞ ማዘዝ፣ በሚቀጥለውም እርሻ እርፍ መጨበጥ ቻለ። ብርድ ሲሆን ያነክሳል። ሌላ ምንም የለበትም።

እናንተ የምታስታምሙ፣ ወጌሻ ጥሩ፣ ሐኪም ጥሩ፣ ያላችሁን ጥሩ፤ ነገር ግን የታሰረው እግር ወይም እጅ ጣቶች ምንጊዜም ይታዩ። ሲያብጡ፣ ሲቀዘቅዙ፣ ሲጠቁሩ ወይም ሲደነዝዙ ካያችሁ የማንንም ፈቃድ አትጠብቁ፤ ማሰሪያውን ፈታ አድርጉትና ወደ ሕክምና ሩጡ። ጀሶም ቢሆን እንዲሁ ያጠብቃል፤ ሐኪም ስላሰረው አትዘናጉ። ሕመም ሁሉ መግጠም አይደለም። ለተሸከሙን ትከሻዎች፣ ለዚያ ንግግር ለማያበዛ ሐኪም፣ ባወቁት ላይ ለመጨመር ላላፈሩት ለአያ ጫኔ፣ ከሁሉ በላይ ለፈጣሪ ምስጋናዬ አያልቅም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለስጦታው አነበብኩለት። ስለ እንዝርቱ ያልኩት ውሸት ነው ብሎ ተከራከረኝ። ከዚያ "ያን ቀን መልስ ያልሰጠሁሽ ሕመሙ አፌን ዘግቶት መስሎሽ ነው?" አለኝ።

"ታዲያ ምን ነበር?"

"እናቴን አይሆንም ማለት ከበደኝ። አንቺ ግን እንደማትሰሚያት አውቅ ነበር።"

ይህን ብሎ ተነሣና በሬዎቹን ሊጠምድ ሄደ።