ከጓዳ ግድግዳ የሚጎድለው አፈር

የዛሬ ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት... መርሳ ከተማ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የደንበኛ ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ከጓዳ ጫር... ጫር... የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እግሬን ሳነሳ እሱም ዝም ይላል። ስረግጥ ይጀምራል፣ ሳቆም ያቆማል። እውነቴን ነው፣ ፀጉሬ ቆመ።

ነገሩ የቆየ ነው። የጓዳው የጭቃ ግድግዳ ከክረምት ወዲህ እየጎደለ ነበር። ቀዳዳው ያለው የእህቴ ልጅ ሰብለ አልጋ ራስጌ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ለትምህርት ከውርጌሳ መጥታ እኔ ጋ ትኖራለች። መጀመሪያ ጣት ያህል ነበር፣ ከዚያ ቡጢ አከለ። ሁለቴ መረግሁት፣ ሁለቴም ተከፈተ። አይጥ ነው እንዳልል አይጥ አፈር ይበትናል። እዚህ ግን ወለሉ ላይ አንዲት ፍርፋሪ የለችም። ታዲያ አፈሩ የት ገባ?

ልጅቷም በዚያው ሰሞን ተለወጠችብኝ። ያቺ ለፍላፊ ዝም አለች። ዩኒፎርሜ ሰፋኝ ስትለኝ ሁለቴ አጠበብኩላት። ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች ሲባል እናቷ ደውላ ቤቱ አልተስማማትም፣ ትምህርቱም ይቅርባት፣ እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ አለች።

ያን ማክሰኞ ድምፁን ስነግራቸው ጎረቤቴ እማማ ዘነቡ ቀዳዳውን አይተው አማተቡ። «ግድግዳ የጀመረ ነገር በግድግዳ አይበቃውም፤ ጠበል እርጪበት» አሉኝ። እኔ ሰው ሲፈራ የምስቅ ሴትዮ ነኝ... ያን ቀን ግን ሳቁ ከየት ይምጣ።

ጠበሉን በጣሳ ይዤ ገባሁ። ሰብለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። በስመ አብ ብዬ ረጨሁት። የእርጥብ አፈር ሽታ ጓዳውን ሞላው።

ያኔ ቀና አለች። እኔን አላየችኝም። አፍንጫዋን አስጠጋች... አሸተተች... ከዚያ ግድግዳውን ላሰችው።

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። ዞር ስትል ከንፈሯ ጭቃ ነው።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ አልፈልግም... እሱ ነው የሚጠራኝ» አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ። ያ ጫር ጫር የሚለው ጥፍሯ ኖሯል፤ በመኪናዬ ድምፅ ተከልላ ነው የምትፍቀው።

ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርጋ አሳየችኝ፤ ቀይ መሆን የነበረበት እንደ ነጠላዬ ነጭ ነው። «ደሟ አልቋል። ደም ሲያንስ አንዳንዱን አፈር ያምረዋል» አለችኝ። የሚመረመረውን መርምራ ኪኒን አዘዘችላት።

ምን ትበላለች ስትለኝ ተቆጣሁ። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው መች ጠፍቶ! ከምግብ በኋላስ አለችኝ። ሻይ ነዋ! እንጀራው ከጉሮሮዋ ሳይወርድ፣ ይጠንክራት ብዬ ወፍራሙን አፈላላታለሁ። ለካ ደም የሚሆናትን ሻዩ እየያዘባት ኖሯል። ሻዩ ከምግብ ይራቅ፣ ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ ይጨመቅ፣ ፍስክ ሲሆን ሥጋ፣ ሲገኝም ጉበት ትቅመስ አለች።

እሑድ እናቷ መጣች፣ ሁሉን ነገርኳት፣ ብቻዋን ተመለሰች። ሰብለ ትምህርቷ ላይ ናት፤ መለፍለፉንም ጀማምራለች። እማማ ዘነቡ ጠበሉ ነው የገለጠው ይላሉ። አልከራከራቸውም።

ቀዳዳውን ሆን ብዬ አልደፈንኩትም። በየጠዋቱ በስፌት ሜትሬ እለካዋለሁ፤ እስካሁን አልጨመረም።

ግድግዳውን ሁለቴ መረግሁ፣ ዩኒፎርሟን ሁለቴ አጠበብኩ... ምን ሆንሽ ብዬ ግን አንዴም አልጠየቅኋትም።