በደሳለኝ ለቅሶ ላይ ያነበብኩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ከተራራው፣ ከጨነቅ፣ ተመልሳ ደባርቅ እኔ ወደምሠራበት ማረፊያ ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከሻንጣዋ ጠፍጣፋ ግራጫ ነገር አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። ተራራው ላይ ብርድ መትቶት ስታክ አድርጓል፤ ብትነካው ብትነካው ገጹ አልገለጥ ብሏታል። «እስቲ ልየው» አልኳት። ኮቴ ውስጥ አድርጌ አሞቅሁት፣ ቻርጀር ሰካሁበት፣ ከዚያ ከታች ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ ሳልለቅ ቆየሁ። ጠቆረ፣ ነጣ፣ ተከፈተ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችኝ። የእኔ ፊት ግን እስከ ጆሮዬ ጋለ፤ ሥራ ያለው ሰው መስዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ሰው ሲያመሰግነው የሚሸሽ ምን ዓይነት ፍጡር ነው ብላ ይሆናል። ምክንያቱን አፌን ሞልቼ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መጻፍ ይሻል እንደሆነ ልሞክር።

ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ይባል ነበር። «ነበር» ስል ዛሬም እጄ ይያዛል። ቤታችን በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከገብስና ከባቄላ በቀር ብዙ ነገር የማይወድ ቀዝቃዛ መሬት ላይ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ደሳለኝ ትምህርቱን ተወና ለእንግዶች ጓዝ በበቅሎ መጫን ጀመረ። እኔ ዳባት ተማርኩ። አንዳችን መጫን ነበረብን፤ እሱ ጫነ።

አንድ ጊዜ ጉልበቷን ያመማትን አንዲት አስተማሪ ከተራራው፣ ከአምባራስ በኩል፣ ደግፎ አወረዳት። ስትለየው ማንበቢያዋን ሰጠችው፤ እንግሊዝኛ ተምሮ አስጎብኚ እንዲሆን። እኛ ቤት ስሙ «ሰሌዳው» ሆነ። መንደራችን መብራት ስላልነበረው ደሳለኝ ደባርቅ በገባ ቁጥር ከሻይ ቤት ሻይ ቤት፣ ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት እየዞረ «እባካችሁ ቻርጅ» ይላል። በቅሎ ጫኞቹ ይስቁበት ነበር። ሰው ለበቅሎው ገብስ ሲለምን አንተ ለብረትህ ትለምናለህ ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ብርድ ሲጠና ሰሌዳው ይደርቅ ነበር። ያን ጊዜ ደሳለኝ ጋቢው ውስጥ ብብቱ ሥር ያደርገዋል። ትንሽ ቆይቶ ያወጣውና አውራ ጣቱን ቁልፏ ላይ ጭኖ፣ ሳያነሣ፣ ወደ ሰሌዳው ሳያይ፣ ከእኛ ጋር ወሬውን ይቀጥላል።

«ምን እያደረግህ ነው?» እለዋለሁ።

«ዝም በል፤ እንቅልፋም ነው። እንደ አንተ በአንድ ጥሪ አይነሣም።»

በጥቅምት፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ እንግዶች መምጣት ሲጀምሩ፣ ደሳለኝ ታመመ። ታሞም አልሰነበተም። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ይለፈኝ።

በእኛ አገር ወጣት ሲሞት የሟቹ ዕቃ ለቅሶው መሐል ይወጣል። ልብሱን፣ ዱላውን፣ የያዘውን የሠራበትን ሁሉ ዘመድ ከፍ አድርጎ ይዞ ይዞራል፣ አልቃሽዋ ዕቃውን እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች። የደሳለኝን ዕቃ ጓደኞቹ ከደባርቅ ይዘው መጡ፤ ጋቢው፣ የበቅሎ ጅራፉ፣ ሰሌዳው። ሰሌዳው ፊት ላይ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር። የስልክ መስታወት ኃይሉ ሲያልቅ ይጠቁራል፤ ይህ ግን መጨረሻ የታየበትን ጽሑፍ እንደ ወረቀት ይዞ ይቀራል። ይህን ያኔ ማንም አያውቅም። እናቴ ግን ፊደሉ እንዳለ መሆኑን ስታይ ጮኸች።

«እነሆ ሲያነብ! ልጄ ሲያነብ ነው የቀረው! ያነበበውን ሳይጨርስ!»

ሴቶቹ ተቀባብለው ሳሙት። የንስሐ አባታችን መምሬ አድማሱ ሳይቀሩ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወደ ጽሑፉ ተጠጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ከወንዶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ልቅሶ እምቢ ብሎኝ፣ የታጨደ ባቄላ ሽታ ብቻ ይሸተኝ ነበር። ሰው ሲያዝን ለምን እንዲህ ያለው ነገር እንደሚሸተው አላውቅም።

እናቴ ሰሌዳውን ይዛ መጣችና ደረቴ ላይ አስጠጋችው። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል፣ ፊቷ ተቧጥጧል።

«ሙሉቀን፣ አንተ ተማሪ አይደለህ? የወንድምህን የመጨረሻ ንባብ ንገረኝ። ምን ይላል?»

«በኋላ፣ እማ...»

«አሁን ንገረኝ!»

«አንብብላት እንጂ» አለ አጎቴ አያ ሞላ። «ለዚህ አይደል ያስተማረህ?»

ለቅሶው ጋብ አለ። ያ ሁሉ ሰው እኔን አየ። ሰሌዳውን ተቀበልኩ። የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ብዙ አልነበረም፤ ትርጉሙ ከአፌ ሳይወጣ ወደ ልቤ አልደረሰም። ክፍል ውስጥ መምህር እንዳስነሣው ልጅ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

«የባትሪው ኃይል አልቋል። እባክዎ ቻርጅ ያድርጉ።»

ከኋላዬ የቆመው ካሳ፣ የደሳለኝ በቅሎ ጫኝ ጓደኛ፣ ዓይኑ በእንባ አብጦ፣ ለራሱ ያህል አጉረመረመ።

«ወይኔ ደሴ! ሞቶም ቻርጅ ይለምናል?»

ሳቅ መጣብኝ። መጣብኝ ነው የምለው፤ ልኬ ያስመጣሁት አልነበረም። ከንፈሬን ነከስኩ፣ በአፍንጫዬ ወጣ። አፌን በእጄ ያዝኩ፣ በእጄ መሐል ወጣ። ከዚያ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ሆዴን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በወንድሜ ለቅሶ መሐል፣ በእናቴ ፊት። ዕንባዋ አገጯ ላይ ቆሞ ታየኛለች። ማቆም አቃተኝ።

አያ ሞላ ክንዴን ያዘና «ውጣ! ከዚህ ውጣ!» ብሎ ገፈተረኝ። ስወጣ አልቃሽዋ እትዬ ውዴ ለቀስተኛው ሊበተን እንደሆነ አይታ ድምፅዋን አነሣች።

«ሳቀ ብላችሁ ልጁን አትውቀሱት፣
የጠና ኀዘን ነው ጥርስ የሚያስከፍት።»

ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ለቅሶው ቀጠለ። እኔ ከገብሱ ክምር ጀርባ ተቀመጥኩ። እትዬ ውዴ ልታድነኝ መሆኑ ገብቶኛል። ነገር ግን ግጥም ውስጥ የገባ ነገር አይረሳም፤ ሳቄ ከሙሾው ጋር በየመንደሩ ዞረ። ትምህርት ቤት ስመለስ ልጆቹ ስሜን ለውጠው ጠበቁኝ። «እባክዎ ቻርጅ መጣ!» ይሉኛል። እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት የእናቴን ዝምታ ነው። እህል ታቀርብልኛለች፣ ውኃ ታስቀምጥልኛለች፣ ዓይኗን ግን አታነሣም። መምሬ አድማሱ መጥተው «ልጄ፣ ሰው ሲደነግጥ ጥርሱ ይከዳዋል፤ ይቅር በይው» ብለው ሲለምኗት በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። እሷም «አባቴ፣ እሱን አልተቀየምሁም» አለች። «ልጄ ሲያነብ ነው የሞተ ብዬ እጽናና ነበር። ያም መጽናኛ ቀረብኝ እንጂ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። የባትሪው ማስታወቂያ ከላይ የመጣ እንጂ ደሳለኝ ያነበበው አይደለም፤ ያነበበው ከሥሩ አለ። አለ ብዬ አመንኩ። በገበያ ቀን ሰሌዳውን በሻሽ ጠቅልዬ ደባርቅ ወጣሁ።

አንድ ፀጉር ቤት ቻርጅ ላይ አደረግሁት። ነፋሱ በሩን ይደበድባል፣ ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባና የበግ ጩኸት ይገባል። ተራ የሚጠብቁት ልጆች አወቁኝ።

«እባክዎ ቻርጅ፣ ራሱ መጣ እንዴ? ዛሬስ ምን ይላል?»

«ተዉት ባካችሁ፣ ኀዘንተኛ ነው» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ኀዘንተኛማ ሳቁ አይደል የሚታወቀው!»

የመልስ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ጽሑፉ ጠፍቶ በቦታው አንድ ሥዕል መጣ፤ ከሥሩ ቀጭን መስመር። መስመሩ ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። መብራት ጠፋ፣ መጣ። መስመሩ እዚያው ነው። ቁልፏን ነካሁ፣ ለቀቅሁ፤ ነካሁ፣ ለቀቅሁ፤ እንደ ስልክ። ምንም። ጭራሽ አጠፋሁት፣ የእናቴን የመጨረሻ ነገር በእጄ ጨረስኩት አልኩ። ፀጉር ቆራጩ አየት አደረገና «በቃ ይሄ አይሠራም፣ አትድከም» አለኝ።

ነቅዬ ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩትና በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። የምሄድበትን አላውቅም ነበር። ብብቴ ሥር ሲሞቅ ተሰማኝ። እንቅልፋም ነው፤ በአንድ ጥሪ አይነሣም። አወጣሁትና አውራ ጣቴን ቁልፏ ላይ ጫንኩ። እሱ እንዳደረገው ወደ ሌላ አየሁ፤ ጨው የጫኑ አህዮች ሲያልፉ አየሁ። ጣቴ ነጣ፣ አልለቀቅሁም። ከዚያ መስታወቱ ጥቁር ሆነ፣ ነጭ ሆነ፣ እንደገና ጥቁር። ቀስ ብሎ ፊደል መጣ። ማንም ሳይነካው፣ ራሱ፣ የተተወበት ገጽ ላይ ተከፈተ።

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ጠቅልዬ ወደ መኪና ሮጥኩ።

እናቴ ደጅ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ፊቷ ተንበረከክሁ።

«እማ፣ ተከፍቷል። ያነበበው ይሄ ነው።»

እጇ ቆመ። «ደግሞ እንዳትስቅ» አለች፤ በቁጣ አይደለም፣ በልመና። ያቺ ቃል እስካሁን አልወጣችልኝም።

«አልስቅም።»

«እስቲ በል።»

መጽሐፉ አስጎብኚዎች እንግዳ የሚያነጋግሩበትን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ነበር። ሌላ ምንም አይደለም። ገጹ ጠዋት ድንኳን ደጃፍ ላይ የሚባለውን ይዘረዝራል። ቀስ ብዬ ተረጎምኩላት።

«እንዴት አደርሽ? እንቅልፍ ወሰደሽ? በረደሽ ወይ? ዛሬ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።»

ለእንግዳ የሚባል መሆኑን ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ዓይኗን ከሰሌዳው ሳታነሣ፣ ሰው ለጠየቃት እንደምትመልሰው መለሰች።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «በረደኝ ግን። በጣም በረደኝ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። የዘገየብኝ ሁሉ መጣ። እናቴ የባቄላ ገለባ ያለበት እጇን ራሴ ላይ አደረገች።

ዛሬ ደሳለኝ ከሞተበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ታላቄን በልጫለሁ። እናቴ ይቅር ብላኛለች ብዬ አምናለሁ። ኀፍረቱ ግን ይቅርታ የሚያወጣው ዓይነት አልሆነም። ለቅሶ ቤት ስገባ ሁልጊዜ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ ጥርሴን አላምነውም። ሳቄና ልቅሶዬ ከአንድ ቦታ እንደሚነሡ ያየሁ ሰው ነኝ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ ማን ያውቃል?

በቅርቡ አምባ ጊዮርጊስ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ድንኳኑ በነፋስ ተነሥቶ የአንዱን ሽማግሌ ባርኔጣ ይዞ ሲሄድ ባለ ኀዘኑ ሳቀ፤ ትልቅ ሰው፣ ሽበታም። ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እኔ ከበሩ ተነሥቼ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆኜ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ፣ ፊቱ በላብ ርሶ።

«እኔም አላወቅሁትም» አልኩት።

ንፍሮ አመጡልን። ከአንድ ሳህን ዘገንን።