ለማዳበሪያው ልክ የተሳለ መንገድ

ሥራዬ ማስተማር አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መርሳ ከተማ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቀጠርሁት በንብረት ክፍል ነው። እጄ ለሥዕል ስለሚታዘዝ ዓመት ሳይሞላኝ የመርጃ መሣሪያ ክፍሉን ሰጡኝ። ባዶ ማዳበሪያ አጥቤ፣ ወጥሬ፣ በቀለም ካርታ እሥልበታለሁ። የአገራችንን፣ የአፍሪካን፣ የወንዞችን። ማዳበሪያው ከጠበበ አገሩን ጨፍለቅ አደርገዋለሁ። መምህራኑ አንድም ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም። ጡረታ እስክወጣ በዚሁ ቀጠልሁ።

ከጡረታ በኋላ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ትርፍ ክፍል ለአንዲት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አከራየሁ። በዝውውር የመጣች፣ የዐሥር ዓመት ሴት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ለሦስት ቀን ሥልጠና ወልድያ ስትጠራ ልጅቱን እኔ ዘንድ ትታ ሄደች። በማግስቱ ግጭት ተነስቶ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም አብሮ ጠፋ። ከወልድያም፣ በደሴ መስመር ካለችው ከውርጌሳም በኩል መኪና መምጣቱን አቆመ፤ እኛ መሐል ቀረን። ትምህርት ቤቱም ልጆቹን በተነ።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ጥዋት ተነስታ አስፋልቱ ዳር ትሄድና ወደ ወልድያ በኩል እያየች ትቆማለች። ከሚያልፉት ሰዎች የማይሆን ነገር ትሰማለች፣ የማይሆን ሰውም ሊያገኛት ይችላል። ከዚያ የማስቀርበት ሌላ ዘዴ ስላጣሁ ትምህርት ጀመርሁላት። የጎረቤት ሁለት እኅትማማቾችም መጡ። የኅብረተሰብ ሳይንስ መጽሐፋቸውን አየሁት። ካርታ የሚበዛበት ስለሆነ አላስፈራኝም።

መጀመሪያ አቅጣጫ ተማርን። ፀሐይ በማንጎው ዛፍ በኩል ስትወጣ ፊታቸውን ወደዚያ አዙሬ እጃቸውን አስዘረጋኋቸው። ቀኝ እጃችሁ ደሴ፣ ግራ እጃችሁ ወልድያ አልኋቸው። አውርዱ ስላቸው እኅትማማቾቹ አወረዱ። የእሷ ግራ እጅ ትንሽ ቆየ። ሌላ ቀን ከአፈርና ከአመድ ተራራ ሠርተን ውሃ አፈሰስንበት፤ ደጋውን፣ ወይና ደጋውን፣ ቆላውን ለየን። እኛ ከታች ከቆላው ነበርን። ደግሞ አንድ ቀን ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሽንኩርት ደርድሬ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ አስገመትኋቸው። ከሽንኩርቱ በቀር ሁሉም በመንገዱ የመጣ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ከዕቃው ግማሹ አለቀና ይሄን ትምህርት ተውነው።

ከዚያ ካርታ። ቤት ውስጥ አንድ ማዳበሪያና የቀለም ጭላጭ ተርፎኝ ነበር። ከእኛ ቤት ጀመርሁ። ወፍጮ ቤቱን፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ገበያውን ልጆቹ ስለሚያውቋቸው በደንብ አስፍቼ ሣልኋቸው። ከገበያው አጠገብ አስፋልቱን ወደ ወልድያ አወጣሁ። መሐል መንገድ ላይ ያለችው ሲሪንቃ ስደርስ ማዳበሪያው ሊያልቅብኝ ሆነ። እንደ ልማዴ ጨፈለቅሁት። ወልድያን ከላይ ስፌቱ ሥር አስገባኋት። ትንሿ የጎረቤት ልጅ፣ ወልድያ ተንጠልጥላለች፣ ልትወድቅ ነው ብላ ሳቀች። የተከራዬ ልጅ አልሳቀችም። በእጇ ለካች። ከቤታችን እስከ ገበያው አንድ ስንዝር ነው።

"እማማ፣ ከገበያው እስከ ወልድያ ሁለት ስንዝር ብቻ ነው?" አለችኝ።

"ደግ ለክተሻል" አልኋት።

ለማዳበሪያው ትክክል ነበር። አስተማሪ ብሆን ኖሮ ስኬልን ሳላስቀድም ያንን ካርታ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም። በካርታው ላይ ያለ አንድ ጣት በመሬት ላይ ስንት እርምጃ እንደሚሆን የሚያስረዳው ትምህርት መጽሐፉ ውስጥ ከካርታው ብዙ ገጽ ዘግይቶ ይመጣል። በቅደም ተከተሉ እሄዳለሁ ብዬ ለቀጣዩ ሳምንት አቆየሁት። እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሣልሁት ካርታ ሥር ስኬል ጽፌ አላውቅም።

ካርታው በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ጥዋት ስነሳ አልጋዋ ተነጥፏል። ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናል አልሁ። ቀና ብዬ ግድግዳውን ሳይ ካርታው የለም። ከቆርቆሮው ውስጥ ቆሎውም ጎድሏል።

ከዘራዬን ይዤ አስፋልቱ ድረስ ወጣሁ። ጉልበቴ ከዚያ አርቆ አይወስደኝም። ከመንገዱ ዳር ሱቅ በር ላይ የተቀመጠ ሰው በማለዳ አይቷታል፤ የያዘችው ማዳበሪያ ስለሆነ ወፍጮ ቤት የላክኋት መስሎት ዝም አለ። ሄዶ የሚያመጣት ሰው ለመንሁ። ወጣቶቹ በዚያ በኩል አንሄድም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። ለእናቷ ምን እላለሁ ከሚለው ሌላ አሳብ አልመጣልኝም። ሲመሽ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ልጅቱን አህያ ላይ አስቀምጠው በር ላይ ቆሙ። ከሲሪንቃ ወዲህ ያሉ ገበሬ ናቸው። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ፤ መለስሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ማዳበሪያውን ዘርግታ ስትለካ እንዳገኟት ነገሩኝ። ወልድያ እስካሁን መምጣት ነበረባት ብላ ተከራክራቸዋለች። ባለቤታቸው አብልተው ከልጆቻቸው ጋር አሳደሯት።

ማዳበሪያውን አቀበሉኝና "አገሩን እንዲህ ያሳጠረው ማነው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ለእኛም ያሳጥሩልን። በእግር ሄደን አለቅን።"

ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም። ምሳ ብላቸው መንገዱ ሳይከፋ ልመለስ ብለው እምቢ አሉ። ውሃ ጠጥተው፣ አላህ ይጠብቃት ብለው ሄዱ።

እግሯ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሳጥባት "ሁለት ስንዝር ነበር" አለች።

"ካርታው ልክ አልነበረም።"

"አንቱ አይደሉም የሳሉት?"

"እኔ ነኝ" አልኋት።

እግሯ ሲሽር ስኬል አስተማርኋት። ከቤት እስከ ገበያ በእርምጃ ቆጠርን፤ እሷ ቆጠረች፣ እኔ ከኋላ ተከተልሁ። ከዚያ ወልድያን በዚያው ልክ ለመሣል ስንት ማዳበሪያ ተሰፍቶ መቀጠል እንዳለበት በወረቀት አሰላን። ማዳበሪያው ከግድግዳው ተነስቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ከበሩ አልፎ ይወጣል። እርሳሱን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ ዳር መቆሟን ተወች። ይህን ማየቴ ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ለእናቷ እንዳልነግርባት።

መንገዱ ሲከፈት እናቷ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ልጅቱ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመች ቆየች። ሲመሻሽ እናቷን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኋት። ልጅቱ ላይ ላሳብቅ ሳይሆን ያጠፋሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። እጇን ጭኗ መሐል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"እርስዎን አልወቅስም እትዬ" አለች። "ግን ከነገ ጀምሮ በሩ ይቆለፍ። ቁልፉን እርስዎ ይያዙልኝ።"

ትምህርት ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ እሷ ቢሮ መግባት አለባት። ጥዋት ትወጣለች፣ እኔ ከውስጥ በሰንሰለት እቆልፋለሁ፣ ቁልፉን መቀነቴ ላይ አስራለሁ። የጎረቤት ልጆች ልጅቱን በበሩ ቀዳዳ እያዩ "እስረኛዋ ነይ!" ይሏታል። እሷ ደብተሯን ትገልጣለች። የሰጠኋትን ትምህርት ሁሉ ሳትጠይቅ ትሠራለች። ድሮ የሚያደክመኝ ጥያቄዋ ነበር።

ብዙ ሳምንት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን መጽሐፉ የአካባቢያችሁን ካርታ ሣሉ የሚል ላይ ደረስን። ደብተሯን ይዛ ግማሽ ቀን ግቢውን ዞረች። ያመጣችልኝ ካርታ እኔ በዕድሜዬ ያልሠራሁት ዓይነት ነው። ማንጎው፣ የውሃ በርሜሉ፣ ሁለቱ ቤቶች፣ የአጥሩ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ሰንሰለቱ ሳይቀር። ከሥር አንድ ጣት ሁለት እርምጃ ነው ብላ ጽፋለች። ለክቼ አመሳከርሁት፤ ልክ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ወረቀት ባዶ ነበር።

"ከበሩ ውጭስ?" አልኋት።

"እሱን አልለካሁትም።"

ገበያው ድረስ ከእኔ ጋር ቆጥራ ታውቃለች። ይህን ግን አላነሳሁባትም።

ማታ እናቷ ራት በልታ ስትነሳ፣ ነገ ልጅቱን ይዤ ልወጣ ነው፣ መንገዱን እንለካለን አልኋት።

"እትዬ፣ እባክዎ" አለች።

"እንግዲያው ቁልፉን አንቺ ያዢው። እኔ ልጅ አልዘጋም።"

ከመቀነቴ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። አየችው። እጇን አልዘረጋችም። ደኅና እደሩ ብላ ገባች። ጥዋት ቢሮ ስትሄድ ቁልፉ እዚያው ነበር።

ከፍተን ወጣን። ልጅቱ ትቆጥራለች፣ እኔ በከዘራ እከተላለሁ። ወፍጮ ቤቱን ጻፈች፣ መስጊዱን ጻፈች። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ ወልድያ፣ ወልድያ እያለ ይጣራል። ገበያው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ ጥቂት ብቻ ቀርቶናል፣ እንሻገር አልኋት። የጫማዋን ጫፍ ከአስፋልቱ ጠርዝ አስተካክላ ቆመች። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪሄድ አየችው።

"እዚህ ይብቃን" አለች። ቁጥሩን ጽፋ ደብተሯን አጠፈችና ዞረች።

ቀድማኝ ደረሰች። በሩን ይዛ እኔ እስክገባ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ሰንሰለቱን ራሷ ቆለፈችው።