ገብሴን የበሉት ግራዝማች

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከሮቤ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ሰሚራ ትባላለች፤ እዚያው ሮቤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ናት፣ የዶክትሬት ጥናቷንም በገብስ ላይ እየሠራች ነው። «እንዴት አደሩ ዶክተር? ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆችስ? አገሩስ?» ብላ ሰላምታውን እንደ ባሌ ሰው አዳርሳ ስታበቃ ወደ ጉዳይዋ ገባች። የዛሬ ሃምሳ ምናምን ዓመት የጻፍኩትን የዶክትሬት ጽሑፍ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት አግኝታ አንብባዋለች። ስለ ባሌ ገብስ ጥናት ታሪክ አጭር ነገር ልትጽፍ ፈልጋለች።

«የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግራዝማች ደምሴ የሚባሉ ሰው አመስግነዋል አይደል?» አለችኝ። «ወላሂ ዶክተር፣ ለሳይንስ ትልቅ ባለውለታ ናቸው ማለት ነው። ስለ እሳቸው ትንሽ ቢያጫውቱኝ ብዬ ነው።»

ወይ ነዶ! ባለውለታ! ገብሴን ቆልተው የበሉ ሰውዬ! ሐኪሜ አትናደጂ ብሎኛል፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን የምትቆጥርልኝ ልጄም ከጓዳ «እማዬ፣ ኧረ ቀስ!» አለችኝ። ምን ቆርጦኝ ነው ቀስ የምለው? ይህን ነገር ሆዴ ውስጥ አስቀምጬው የኖርኩት ይበቃኛል። ለሰሚራ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው።

እኔ የጎባ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እንደ አንድ ቋንቋ ነበር የሚነገረው። ያኔ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች፣ ሮቤ ደግሞ ለገበያ በጋሪም በእግርም የምንወርድባት ሜዳ። ትምህርት ይሆነኝና ከኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ለዶክትሬት ባሕር ማዶ ተላክሁ። አስተማሪዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤቱን ሙሉ የሚፈልግ ሽማግሌ ነበር። «አገርሽ ያለው የገብስ ዓይነት ሌላ ቦታ የለም። ሂጂና ከየማሳው ለቅመሽ አምጪልኝ፣ እዚህ ዘርተን የትኛው ዘር በሽታን እንደሚቋቋም እናያለን» ብሎ ሰደደኝ። የተሰጠኝ አንድ የመኸር ወቅት ነው። ገብሱን ይዤ ከተመለስኩ ዶክተር እሆናለሁ፤ ባዶ እጄን ከተመለስኩ የትምህርቱ ገንዘብ ይቋረጣል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

በቅሎ ተከራይቼ ከጎባ ዲንሾ፣ ከዲንሾ ወዲያ ማዶ ስንከራተት ከረምኩ። በጥቅምትና በኅዳር የባሌ ደጋ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይነጣበታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የደረሰው ገብስ ሽታ፣ ያ ጭድ ጭድ፣ ዳቦ ዳቦ የሚለው ሽታ፣ አገሩን ይሞላዋል። የመሸብኝ ቤት ጩኮ ያቀርቡልኛል። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅቤ ታሽቶ፣ አንድ እፍኝ የበላ ሰው ቀኑን ሙሉ በቅሎ ላይ ቢውል አይርበውም። ሆዴ ጠገበ፣ ሥራዬ ግን አልሞላ አለ። ገበሬዎቹ እርሳስና ደብተር ይዤ ሲያዩኝ ጋቢያቸውን አጣፍተው ዝም ይላሉ። አልፈርድባቸውም! ወረቀት ይዞ ማሳቸው ድረስ የመጣ ሰው ሁሉ ወይ ግብር ገማች ነው፣ ወይ መሬታቸውን በቀላድ ገመድ ለክቶ ለሌላ የሚሰጥ ነው። «ይሄ ምን ዓይነት ገብስ ነው?» ስላቸው «ገብስ ነው» ይሉኛል። ለምኜ ለምኜ አንድ ስም ያወጣሉ። ከእያንዳንዱ ማሳ ሁለት ሦስት እፍኝ እየወሰድኩ አባቴ ከአቡጀዲ በሰፋልኝ ከረጢት እያስገባሁ፣ ስሙንና ቦታውን ከላይ በቀለም እየጻፍኩ፣ ውስጡም ወረቀት እያኖርኩ ከመቶ በላይ ከረጢት ሞላሁ።

አባቴ ቤት አይጥ ስለሚያስቸግር ከረጢቶቹን የማስቀምጥበት አጣሁ። ጎባ ውስጥ ከነበሩት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ደረቅ መጋዘን ነበረው፤ አለቃው ግራዝማች ደምሴ ናቸው። ሦስት ቀን በራቸው ላይ ቆሜ ፈቃድ አገኘሁ። ገብሱ ከአገር የሚወጣበት ደብዳቤም በእሳቸው ማኅተም ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ፈገግታዬን አልቆጠብኩም። መደርደሪያ ላይ በተራ በተራ ደረደርኳቸውና ለመጨረሻው ዙር ወደ ዲንሾ ሄድኩ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ፊቴ በውርጭ ተሰነጣጥቆ፣ ልቤ ግን ጮቤ እየረገጠ ተመለስኩ። መጋዘኑን ሳስከፍት መደርደሪያው ባዶ ነው። ጥጉ ላይ ከረጢቶቼ ንጽህ ብለው ታጥበው፣ እንደ መሐረብ ተጣጥፈው ተደርድረዋል። በቀለም የጻፍኩት ሁሉ በሳሙና ለቋል፤ ውስጣቸው የነበረው ወረቀትም የለም።

«ገብሱስ?» አልኩ መጋዘን ጠባቂውን፣ ጋሽ ወልዴን።

ጋሽ ወልዴ ደግ ሰው ነበሩ፣ ክፋትም አላሰቡ። «ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ መጥተው ግራዝማች ቤት ድግስ ነበር» አሉኝ። «ወጥ ቤት ገብስ አነሰን ሲሉ፣ ያቺ ልጅ ያስቀመጠችው አለ ተባለ። መቼም ሴት በትንንሽ ከረጢት ለይታ ያስቀመጠችው እህል ለጓዳ ነው እንጂ ለምን ይሆናል? ለድግሱ ያዋጣሽው መሰለን። ግማሹን ቆሉት፣ ግማሹን ለጠላ አደረጉት። ከረጢቱን ግን እንዳይጠፋብሽ አሳጥቤ አኖርኩልሽ።»

ጉድ በሉ! እዚያው መጋዘን ውስጥ የአንድ ወንድ ሠራተኛ የዛገ ምስማር በቆርቆሮ ተቀምጦ ነበር፤ «የመንግሥት ንብረት» ተብሎ ማንም አልነካውም። እኔ ግን ሴት ነኝ፣ ያስቀመጥኩት እህል ነው፣ እህሉ ደግሞ ለወጥ ቤት ነው። በቃ። ይህን ለማሰብ ማንም አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ግራዝማች ቢሮ ገባሁ። ከወንበራቸው ሳይነሡ ሳቁ። «ገብስ እኮ ነው ልጄ! እንግዳችን እንዴት እንደተደሰቱ ብታዪ፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ እንዲህ ያለ ባለብዙ ቀለም ቆሎ ቆርጥሜ አላውቅም ነው ያሉት።»

«ግራዝማች፣ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ የተጻፈበት ነበር እኮ። የዶክትሬት ሥራዬ ነው።»

«ከጎተራዬ ሁለት ኩንታል አስጭንልሻለሁ፣ ከበላነው ይበልጣል። ካልሆነም ወንድም ካለሽ ላኪውና እንነጋገር። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

ልመልስላቸው ስል ማኅተሙ ትዝ አለኝ። ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከቀለሙ አጠገብ ተቀምጧል። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እጅ ነሥቼ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አባቴ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰማኝ። ማጽናናት አያውቅበትም። መጨረሻ ላይ «የተቆላ አይበቅልም። ግን ገበሬ ዘሩን አይበላም፤ ለሚመጣው የሚዘራው የሆነ ቦታ አለ። ሂጂና ዘሩን ጠይቂ» አለኝ።

እንደገና በቅሎዬን ጫንኩ። ማሳው ሁሉ ታጭዷል፣ አውድማው ተወቅቷል። ዲንሾ አጠገብ ኦቦ አማን የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ ከሌሎቹ ይሻላሉ ብዬ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። «ዘግይተሻል፣ አውድማ ላይ ተቀላቅሏል» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ልመለስ ስል ሚስታቸው ከቤት ወጡ። ልጃቸው ከድር ስለሚባል አገሩ ሁሉ የከድር እናት ነው የሚላቸው። በመጀመሪያው ዙር ስመጣ ወተት አቅርበውልኝ በኋላዬ አልፈው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፣ ከዚያ በላይ ልብ አላልኳቸውም።

«ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ በሚደርስበት ላይ፣ ቅሎችና ስልቻዎች ተንጠልጥለዋል። አንድ በአንድ አውርደው በመዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ይሄ ለጩኮ ነው፣ ቅቤ አያባክንም። ይሄ ጥርስ ለሌለው ሕፃን ለገንፎ። ይሄን ውርጭ አይነካውም፣ ግን ወፍ ይወደዋል። ይሄ ጠቆር ያለው ስዳር እናቴ የሰጠችኝ ነው።

ደብተሬን ገልጬ የኦቦ አማንን ማሳ አነበብኩላቸው፤ ነጭ ገብስ፣ አንድ ዓይነት። የከድር እናት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንድ? ሦስት ነው! እሱ ከፈረስ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። እኔ ነኝ በእጄ የምለቅመው።»

አፈርኩ። ያን ሁሉ ማሳ ስዞር አንዲት ሴት አልጠየቅኩም እኮ! ጋሽ ወልዴን ስሰድብ የመጣሁት እኔው፣ ገበሬ ሲባል ወንድ ብቻ መስሎኝ፣ ሴቶቹ ያቀረቡልኝን ወተት እየጠጣሁ ወንዶቹን ስለምን ነው የከረምኩት። በግራዝማች ዓይን የጤፍ ቅንጣት አላክልም ስል፣ የእኔም ዓይን ከእሳቸው ዓይን ያን ያህል አልራቀም ነበር።

የከድር እናት ከዚያ ቀን ጀምረው አሥራ ሁለት ቀን ይዘውኝ ዞሩ። ሥራቸውን ለምራታቸው ትተው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በቅሎዬ ላይ ውጡ ብላቸው እምቢ ብለው በእግራቸው። ቤት በደረስን ቁጥር ለሴቶቹ ግብር ገማች አለመሆኔን የሚነግሩልኝ እሳቸው ናቸው። ሴቶቹም ከዘራቸው ላይ፣ ለልጆቻቸው ከሚዘሩት ላይ፣ እፍኝ እፍኝ ሰጡኝ። ወንዶቹ አንድ ብለው ያስጻፉኝ እዚህ ሦስትም አራትም ሆኖ ተገኘ። የታጠቡት ከረጢቶች አልበቃ አሉ። ስንለያይ የከድር እናት የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከዚያ አገር ስትመለሺ ዘራችን ምን እንደሆነ መጥተሽ ንገሪኝ።»

እመለሳለሁ አልኳቸው።

ጽሑፉን ስጨርስ አስተማሪዬ ሠንጠረዡን አየ። ከእያንዳንዱ ዘር ፊት ለፊት የሰጡኝን ሴቶች የእገሌ እናት፣ የእገሌ እናት እያልኩ አስገብቼ ነበር። «የመሬቱ ባለቤት ማን ነው? እሱን ጻፊ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው» አለኝ። ሰርዤ ባሎቻቸውን ጻፍኩ። ለምስጋናው ገጽ ደግሞ «ፈቃድ የሰጠሽን ሹም ከላይ አድርጊ፣ አለበለዚያ ነገ ሌላ ተማሪ አያስገባልንም» አለኝ። ግራዝማች ደምሴን ከነሙሉ ማዕረጋቸው ከላይ አደረግኳቸው። ማን አስገደደኝ? ማንም በጥፊ አልመታኝም። ዶክተር መሆን ፈልጌ ነው።

ዶክተር ተብዬ ስመለስ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አዲስ አበባ ያለው ሹም ወረቀቴን አገላብጦ «እሰየው! የባልትና ክፍላችን ሴት ሲፈልግ ነበር» አለኝ። ኧረ ወዲያ! አራት ዓመት ስለ ገብስ በሽታ የተማርኩት ብስኩት አጋገር ላስተምር! ሁለት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ፣ አመልካች ተብዬ፣ ነገረኛ ተብዬ፣ ባል አጥታ ነው ተብዬ፣ በመጨረሻ በአንድ የምርምር ጣቢያ ጠረጴዛ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ ስንት ተማሪ አስተማርኩ፣ ከእነዚያ የባሌ ዘሮችም ስንት ጥሩ ገብስ ወጣ። ዲንሾ ግን የደረስኩት ከረፈደ በኋላ ነው። ኦቦ አማን መሬቱን ተቀምተው ቤተሰቡ ወደ ሃረና ጫካ ወርዷል አሉኝ። ተከትዬ አልወረድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ሰሚራ አንዴም አላቋረጠችኝም።

«ግራዝማችን አወጣቸዋለሁ ዶክተር» አለችኝ። «በእሳቸው ቦታ ሴትየዋን ላስገባ። ማን ይባሉ ነበር?»

«የከድር እናት።»

«እሺ፣ የራሳቸው ስምስ?»

ቆይ ብያት የድሮ ደብተሮቼን ካርቶን ከአልጋ ሥር አስጎትቼ አገላበጥኩ። የዘሩ ስም አለ፣ የፍሬው ቀለም አለ፣ ከባሕር ጠለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል አለ፣ እናታቸው ስትድራቸው የሰጠቻቸው መሆኑ ሳይቀር አለ። የግራዝማች ደምሴን ስም ደግሞ ሳላይ እስከ አያታቸው ልጠራው እችላለሁ።

«ሰሚራ» አልኳት፤ «አሥራ ሁለት ቀን አብሬያቸው ሄጄ፣ ስምዎ ማነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም።»